«እትዉ በሰላም» ያልተባለበት ቅዳሴ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እንዲያውም ሰው ሲያወራ የምስቅ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል የምሠራ፣ ጴንጤ ከሆንኩም ዓመታት ያለፉኝ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላሳምናችሁ አይደለም፣ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ወቅቱ ፍልሰታ ነው፣ እናቴ በትኩሳት ወድቃ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነበር። «ልጄ፣ የካ ተራራ ካለው ከፈረሰው የድንጋይ ቤተክርስቲያን አፈር አምጣልኝ፣ ሌላ መድኃኒት አልፈልግም» አለችኝ። እምነቴ አይፈቅድም ልላት አፌን ከፍቼ ዓይኗን ሳይ ዋጥኩት፣ እናት አይደለች?

በቀትር ወጣሁ፣ ጉሙ እንደ ጥጥ ነው። ቤተክርስቲያኑ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፣ ጣሪያው ከወደቀ ዘመናት አልፈዋል፣ ማንም አይቀድስበትም፣ ውስጡ ሣርና የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። ደጁ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እግሬ ራሱ አስታውሶ መሰለኝ።

አፈሩን በመሐረቤ ስቋጥር ቃጭል ሰማሁ። ከሩቅ ነው አልኩ፣ ድምፁ ግን ከአለቱ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ «ሰላም ለኵልክሙ» አለና ዝም አለ፣ እመኑኝ፣ ዝምታው መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው። «ምስለ መንፈስከ» አልኩ፣ ልጅ ሆኜ እንደምለው፣ ወዲያው በስተቀኜ፣ ሴቶች በሚቆሙበት ወገን፣ የብዙ ነጠላ መንኮሻኮሽ ተሰማኝ። ዞር ስል ጉም ብቻ። መጀመሪያ አልፈራሁም፣ የሚገርመኝም እሱ ነው፣ ደስ አለኝ፣ እንባዬ ሁሉ መጣ። ፍርሃቱ የመጣው የሰው ትንፋሽ ማጅራቴን ሲያሞቀው ነው፣ ጫማዬን አንስቼ በባዶ እግሬ ቁልቁል በረርኩ።

እናቴ አፈሩን ግንባሯ ላይ ተቀባች፣ የሰማሁትንም ነገርኳት። ደስ ይላታል ስል ፊቷ ጠቆረ።

«እትዉ በሰላም ሲባል ነው የወጣኸው?»

«አይ እማዬ፣ መሐል ላይ ሮጥኩ።»

«ቅዳሴ ገብተህ፣ መልስ ሰጥተህ፣ ሳያሰናብቱህ ወጣህ? በል ተመለስና አስቀድሰህ ጨርስ!»

በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ተነስታም የሚበላ ጠየቀች። እኔ ተመልሼ ሄድኩ፣ ደጋግሜ ሄድኩ፣ ከውሃ ጠብታ በቀር የሰማሁት የለም። እሷ ይኸው በጤናዋ አለች፣ እኔ ግን የጸሎት ቤታችን ፕሮግራም አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። ፓስተሩ ይመጣና «ወንድሜ፣ አልቋል እኮ» ይለኛል፣ አዎ እለዋለሁ፣ ግን አልነሳም።