ሁለቴ ጥሩኝ

እስቲ አንዴ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

መማል ኃጢአት ስለሆነ አልምልም። ግን ይሄ ነገር የደረሰው በእኔው ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ... ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

በጨለማ ቢሆንማ «ዓይኔ ነው» ብዬ እተወው ነበር።

የመጨረሻዋ ልጄ ሠዓሊ ናት። ሌሎቹ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ እሷና እኔ ቀርተናል። ሥዕሎቿ ሁልጊዜ በሰው ኤግዚቢሽን ጥግ ለጥግ ነበር የሚሰቀሉት። አንዴ በር ኋላ፣ አንዴ መጸዳጃ ቤቱ መግቢያ ላይ። ዘንድሮ ግን ለብቻዋ እንድታሳይ አዳራሽ ተፈቀደላት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ።

ከዚያ መከራው ጀመረ።

የአዳራሹ የውኃ ቧንቧ ፈነዳና ወለሉ ኩሬ ሆነ። ደግነቱ ሥዕሎቹ ገና አልገቡም ነበር። ለምና ለምና የአንድ የተዘጋ ማተሚያ ቤት ፎቅ ሰጧት። አቧራው ለጉድ ነው።

ደግሞ ፍሬም ሠሪው አለላችሁ። ሰዉ ሁሉ «አለቀ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ፍሬሙ ደረሰ ወይ ሲሉት ሁሌም «አለቀ» ስለሚል። ያለቀለት ነገር ግን አይተን አናውቅም። ያመጣቸውንም አሳጥሮ ቆርጧቸው ኖሮ እንደገና ተሠሩ።

ልጄ ከሳች። እኔም ደከምኩ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ።

ትልቁ ሥዕል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ግራጫ ሹራቤን ለብሼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። «ፊቴን አትሳዪው፣ ደክሞኛል» ስላልኳት ከኋላዬ ሳለችኝ። ጀርባ ነው፣ ፀጉር ነው፣ በቃ። ፊት የሚባል ነገር የለውም።

ስሙን «አቤት» አለችው።

«ቀኑን ሙሉ የምትዪው እሱን አይደል?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። እናት ስትሆኑ አፋችሁ ሳታዙት ይመልሳል። ገበያ መሀል የማላውቀው ልጅ «እማዬ» ሲል እንኳ «አቤት» ብዬ ዞሬ አውቃለሁ።

እና ሥዕሎቹ የሚሰቀሉ ቀን...

ከጠዋት የጀመረው ጥሪ አላባራ ብሏል። ልጄ ገመድ አምጪ ትላለች፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ያቀብሉኝ ይላል፣ አለቀ መዶሻው ጠፍቶበት እኔን ይጠይቃል። ለሁሉም አቤት፣ አቤት፣ አቤት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ታች ወረዱና ፎቁ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ትልቁ ሥዕል ፊት ዘፍ አልኩ።

ጀርባዬን አየሁት። እሱም ደክሟል።

«አንቺ ሴትዮ» አልኳት እንደ ቀልድ። «እኔስ ሰለቸኝ። እስቲ አንቺ አቤት በይልኝ።»

ወዲያው ልጄ ከደረጃው ሥር «እማዬ» አለች።

አፌን ልከፍት ስል...

«አቤት።»

ድምፁ የእኔ ነው።

ከንፈሬን በእጄ ነካሁት። ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ድካም ነው ብዬ አማተብኩና ወረድኩ። ምስማር አልቆ ስለነበር ሱቅ ደርሼ ስመለስ፣ አለቀ ደረጃው ላይ ቆሞ አፈጠጠብኝ።

«እማማ፣ በየት ወጡ?»

«በበሩ ነዋ። በመስኮት ልውጣ?»

«አሁን ስጠራዎት... ከላይ አቤት አሉኝ እኮ።»

«ጆሮህም እንደ ፍሬምህ ነው» ብዬው አለፍኩ። ደረጃውን ግን ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት።

ልጄ ትልቁ ሥዕል ፊት ቆማለች። አትንቀሳቀስም።

«እማዬ» አለች በሹክሹክታ። «ጆሮሽን ስዬው ነበር እንዴ?»

አየሁት። ጆሮ ይታያል። ከጆሮው ቀጥሎ... ትንሽ ጉንጭ።

«እናውርደው ልጄ።»

«እሱ ከወረደ ኤግዚቢሽን የለም። ማስታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነው።» ዓይኗ ደም መስሏል። «እንቅልፍ እያዳፋኝ ነካክቼው ይሆናል። ተይው።»

ተውኩት። ያን ሁሉ የለፋችበትን በምን አፌ ላፍርስባት? ጸሎቴን በሆዴ አደረስኩና ምስማሩን አቀበልኳት።

በማግስቱ ተከፈተ። ሰው ጢም አለ። ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሁሉም የሚቆመው ትልቁ ሥዕል ጋ ነው። አንዲት ወጣት እሱን ስታይ ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና ፈገግታዬ እንዴት እንደሚያምር ነገረችኝ።

እኔ ፈገግ አላልኩም ነበር።

ሥዕሉን ቀና ብዬ አላየሁትም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ትናንት ልጄን ትንሽ ትረፍ ብዬ ቤት አዋልኳት። እሷ ወጥ ቤት ሻይ ታፈላለች፤ እኔ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅያለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ፀሐዩ ሳሎኑን ሞልቶታል። ሰዓቱን አየሁ... ዘጠኝ።

ስልኬ ጮኸ። የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ነው።

«እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅዎ ትልቁን ሥዕል ቀየረችው እንዴ?»

«ምኑን?»

«ወንበሩ ብቻ ነው ያለው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ልጄ ከወጥ ቤት ተጣራች።

«እማዬ፣ ስኳሩ የት ነው?»

ከመኝታ ቤቴ... ከተዘጋው በር ኋላ...

«አቤት ልጄ። ከላይ፣ ከትልቁ ጣሳ ኋላ።»

እውነት ነው። ስኳሩ እዚያ ነው።

ልጄ ትሪውን ይዛ በኮሪደሩ አለፈች። ወደ ሳሎን ዞር አላለችም። የመኝታ ቤቴ በር ተከፈተ። ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ። ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰማሁ።

«ይሄ ሹራብሽ ደግሞ ቀለም ቀለም ይሸታል» ትላታለች ልጄ።

ሹራቤ እኔ ላይ ነው።

ያለኝን ጉልበት ሁሉ አሰባስቤ «ልጄ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

«እማዬ...» ስትል ሰማኋት ቀስ ብላ። «ሳሎን ሰው አለ እንዴ?»

«የለም ልጄ። ማንም የለም። ሻይሽን ጠጪ።»

ይሄን የምጽፍላችሁ እዚያው ሶፋ ላይ ሆኜ ነው። ከትናንት ወዲህ ማንም «እማዬ» ብሎ እኔ ጋ አልመጣም። እንዲያ የሰለቸኝ ጥሪ... ጆሮዬን አቁሜ እጠብቀዋለሁ።

የምታውቁኝ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤቴ በር ላይ ስትደርሱ ሁለቴ ጥሩኝ።

ለመጀመሪያው ጥሪ የምትመልስላችሁ እኔ አይደለሁም።