የወይኒ ግራ ጆሮ

«የመስማት ምርመራ፣ በሁለቱም ጆሮ» ብሎ አባቷ ከቅጹ ላይ አነበበ። «ይኼ እንኳ አያስቸግርሽም።»

ወይኒ ዓይኗን ወደ ሌላው ቅጽ መለሰች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቅጾች ተዘርግተዋል። አንደኛው አዲስ አበባ ካለ የበረራ ትምህርት ቤት የተላከ ስድስት ገጽ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሌላውን ሓወልቲ ሰፈር በቅርቡ ከተከፈተ የሌላ በረራ ትምህርት ቤት ቢሮ ራሷ ነበረች ያመጣችው። እሱ ላይ ስምና ስልክ ጽፎ መፈረም ይበቃል።

እሷ የፈለገችው የሓወልቲውን ነው። «ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት ቤት ተቀምጫለሁ፤ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልፈልግም» ብላ ለአባቷ ነግራዋለች። ዋናውን ምክንያት ግን ደብቃዋለች።

በጦርነቱ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ቁሓ፣ ሰፈራቸው ውስጥ ከደረሰው ፍንዳታ በኋላ ግራ ጆሮዋ ለቀናት ሲጮኽባት ሰነበተና ጭራሽ ዝም አለ። ታናሽ ወንድሟ በጠና ታሞ ስለነበር እናቷ በጠየቀቻት ቁጥር «ደሓን እየ፣ ምንም አልሆንኩም» እያለች አለፈችው። ትምህርት ሲከፈት ግራ ጎኗን ወደ ግድግዳ አድርጋ መቀመጥ ለመደች። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀባትም።

አባቷ ወንድሜነህ ከደሴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ነገር ሳያጣራ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ቢሮውን በዓይኔ ካላየሁ አለና በማግሥቱ ከሰዓት አብረው ሄዱ።

ሃፍታይ የሚባል ሱፍ የለበሰ ወጣት ተቀበላቸው። የትምህርት ቤቱ ወኪል ነው። ወንድሜነህ ስንት የመለማመጃ አውሮፕላን እንዳላቸው፣ ተማሪዎቹ የት እንደሚበሩ፣ የፈቃዱን ፈተና ማን እንደሚሰጥ አንድ በአንድ ጠየቀው። ለሁሉም መልሱ «በቅርቡ» ነበር። አውሮፕላኖቹ በሂደት ላይ ናቸው፤ እስከዚያው በኮምፒውተር ይለማመዳሉ። ወዲያው የወንድሜነህ ስልክ ጮኸና ለማነጋገር ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ቅጹ ላይ የጤና ምርመራ ለምን የለም?» አለች ወይኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እሱ እንዲያው ለወጉ ነው፤ እኛ እንጨርሰዋለን። ምነው፣ የሚያምሽ ነገር አለ?»

«በግራ ጆሮዬ አልሰማም።»

ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ሃፍታይ ግን ፈገግ አለ።

«ይኼ ነው ያስጨነቀሽ? አታስቢ። ባለፈው ሳምንት የመዘገብነው ልጅ በአንድ ዓይኑ አያይም። እኛ ማንንም አንጥልም።»

አታስቢ የሚላት ሰው ስትመኝ ኖራለች። አሁን ሲላት ግን ያንን ልጅ የአውሮፕላን መሪ ይዞ አሰበችው። ራሷን ከጎኑ አስቀመጠች፤ ከኋላቸው ደግሞ ሕፃናት ያቀፉ፣ ቀበቷቸውን አጥብቀው የተቀመጡ መንገደኞች። ሃፍታይ እስክሪብቶ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም።

ከፎቁ ወርደው ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆም አለ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤቱ አልጣመኝም። ግን የጠፋብሽን ዓመታት እኔም አውቃለሁ። ከፈለግሽው አልከለክልሽም።»

አንዲት «እሺ» ትበቃት ነበር።

«የአዲስ አበባውን ነው የምሞላው» አለች።

«ጥሩ። ታዲያ ፊትሽ ለምን እንዲህ ጠቆረ?»

«የጆሮ ምርመራውን ላላልፍ እችላለሁ፣ አባዬ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ፍንዳታውን፣ ጩኸቱን፣ ግድግዳውን። ወንድሜነህ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ደጋግሞ ጠረገው።

«ያን ጊዜ ብትነግሪን ምን ነበር?»

«ወንድሜ የሚሞት መስሎኝ ነበር። በእኔ ደግሞ እንድትጨነቁ አልፈለግሁም።»

እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«ላይቀበሉሽ ይችላሉ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

የቁሓ ታክሲ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱም በሩን ከፍቶ ግቡ አላቸው። ወይኒ አልገባችም። መንገዱን ተሻግራ ወደ ዓይደር ሆስፒታል የሚሄደውን ታክሲ መጠበቅ ጀመረች። አባቷም ተከተላት።