የአያ ክንዱ እግር

ዶክተር ሐብተ ማርያም ሐሙስ ጠዋት ማይክሮስኮፓቸው ላይ እንደተደፉ ተገኙ። መጀመሪያ ያየቻቸው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሸጋዬ ናት። እንቅልፍ የጣላቸው መስሏት «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለች ትከሻቸውን ነካ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ያሰማችው ጩኸት የጎንደር አራዳን ባለሱቆች ሁሉ አስወጣ። ከሟቹ አጠገብ የሻይ ብርጭቆና ክዳኑ የተከፈተ የማላታይን ጠርሙስ ነበር። ማላታይን ገበሬ እህሉን ከነቀዝ የሚጠብቅበት መርዝ ነውና ፖሊሶቹ ገበሬ ፈለጉ። ገበሬም አላጡም።

የተያዘው የማክሰኝቱ አለበል ነው። አባቱ አያ ክንዱ፣ ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶባቸው እዚህ የምርምር ቤት መጥተው ነበር። ቤቱ የቆዳ ካንሰር ወደ ሌላ አካል ይዛመት አይዛመት እንደሆነ በፕሮቲን ምልክት አስቀድሞ የሚለይ ነው። ከቁስሉ ስስ ሥጋ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ማቅለሚያ ሲነካው ያ ፕሮቲን ካለበት ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ከሆነ ይዛመታል ማለት ነው። የአያ ክንዱ ቡናማ ነው ተባለ። ሽማግሌው እምቢ ቢሉም ልጃቸው ፈረመና እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ አለበል እየመጣ «እርግጠኛ ናችሁ ወይ?» እያለ ኮሪደሩን በጩኸት ያናውጥ ነበር። ረቡዕ ማምሻውንም ከሟቹ ጋር በር ላይ ታይቷል። የት እንደዋለ ሲጠየቅ ግን አፉን ዘጋ።

ምርመራው ለኢንስፔክተር የትነበርሽ ተሰጠ። ሴትዮዋ ቀልድ ትወዳለች፤ ስትቀልድ ግን ዓይኗ አይስቅም። ጠርሙሱን አሸተተችና ፊቷን አጨፈገገች፤ ቀጥላ ብርጭቆውን አሸተተች።

«ማላታይን የገባበት ሻይ ከሩቅ ይጣራል። እኒህ ሰውዬ አፍንጫ አልነበራቸውም እንዴ?»

የአስከሬን ምርመራው እሷ እንዳለችው ሆነ። ገዳዩ መርዝ ማላታይን አልነበረም፤ የላቦራቶሪው ፈሳሾች እንዳይበላሹ የሚጨመር፣ ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ በሸጋዬና በወጣቱ ተመራማሪ በዶክተር አንዱዓለም እጅ ብቻ ነው።

ሸጋዬ ገና ሳትጠየቅ ታለቅሳለች።

«ሻዩን ማን አፈላው?»

«እኔ ነኝ። በፔርሙስ አስቀምጬላቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ወይኔ፣ በእጄ!»

«ሻዩ ይቆየን። የአያ ክንዱ ምርመራ ላይ የተበላሸ ነገር አለ?»

ሸጋዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «መስታወቶቹ ላይ ስም የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል። የዚያን ቀን ግን ለጉባኤ ጥናት ይቸኩሉ ስለነበር ዶክተር አንዱዓለም በእስክሪብቶ ጻፉ። ሁለት ናሙና ነበር፤ ሁለቱም ስማቸው ጠፍቶ ወጣ። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ነጭ። እሳቸው ‹ይሄ የክንዱ ነው› አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ለጋሼ የነገርኳቸው ማክሰኞ ነው። ቶሎ ብናገር ኖሮ የሰውዬው እግር አይቆረጥም፤ ጋሼም አይሞቱም ነበር።»

«ዋናውን ሥጋ እንደገና ማየት አይቻልም?»

«ጋሼ ፈልገውት ነበር። ከመደርደሪያው ጠፍቷል።»

ዶክተር አንዱዓለም የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓይኖቹ ቀልተው ቀረበ።

«ዶክተር፣ ሟቹን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ረቡዕ ጠዋት። አሞኝ ወደ ቤት ገባሁ፤ በስልክም አላገኘኋቸው። አባቴ ማለት ነበሩ።»

«ልጁ ግን ለምን ይገድላቸዋል? የአባቱ እግር ከተቆረጠ እኮ ቆየ።»

«እንዴ! የአባቱን እግር ከመቃብር ሲያወጡበት ምን ያድርግ? የባላገርን መቃብር መንካት ከእሳት መጫወት ነው።»

«እውነት ነው» አለችና የትነበርሽ ተነሣች። እግሩ ተቀበረ ሲባል ገና መስማቷ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሰዎች እንኳ ተቃጥሏል ነው ያሏት።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ አለበል ወደታሰረበት ሄደች።

«አለበል፣ የአባትህ እግር የት ነው?»

አለበል ከግድግዳው ዞረ። «ምነው? ማን ነገረሽ?»

«አንተ ንገረኝ።»

አለበል ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ቀነሰ። «አዘዞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ነው። የሚያቃጥለውን ዘበኛ ለምኜ፣ እንዳይበሰብስ ከተነከረበት መድኃኒት ጋር በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድሁት። ማክሰኝት ብቀብረው አገር ይሰማል። የቁም ሰው አካሉ ተቀብሮ ከሰማ መቃብር ይጠራዋል ይላሉ በኛ ቤት። ለአባየ ተቃጠለ ብየ ዋሸሁት። ረቡዕ ዶክተር ሐብተ ማርያም መጥተው ‹ልጄ፣ ሳንሳሳት አልቀረንም፤ ዘበኛው እግሩን ላንተ መስጠቱን ነግሮኛል፤ ትንሽ ሥጋ ልውሰድ› ቢሉኝ ሄደን አብረን ቆፈርን። ከቁስሉ ቀንሰው ወሰዱ፤ መልሰን ቀበርነው። መቆፈራችንን የምናውቅ እኔ፣ እሳቸውና ቄሱ ነን።»

«ይህን ተናግረህ አትፈታም ነበር?»

«አባየ ሰምቶ ከሚሞት እኔ ልታሰር። ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ እኮ!»

የትነበርሽ አዘዞ ወርዳ ቄሱን ጠየቀች፤ ከእሳቸው አፍ ለማንም የወጣ ነገር የለም፤ የጠየቃቸውም ሰው የለም። ሟቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተዉትን ሥጋ ሌላ ቦታ ልካ አስመረመረች። መልሱ ሲመጣ ሁሉንም በምርምር ቤቱ ሰበሰበች። አለበል በካቴና፣ ቄሱ በመስቀላቸው፣ ሸጋዬ በጥቁር ልብሷ መጡ። አንዱዓለም ከመስኮቱ ሥር ቆመ። አያ ክንዱ በክራንች ተደግፈው ሲገቡ አለበል ራሱን አቀረቀረ።

«አያ ክንዱ» አለች የትነበርሽ፣ «ዛሬ የሚነገረው ይከብዳል። ልጅዎን ለማውጣት ግን ሌላ መንገድ አጣሁ።»

«ተናገሪ ልጄ።»

«መርዙ ከዚህ ቤት የወጣ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙሱን እዚህ ያኖረው ገበሬ እንዲታሰርለት የፈለገ ሰው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ይሄ ነው። አያ ክንዱ፣ ያ ቡናማ መስታወት የእርስዎ አልነበረም። ቁስሉ ብቻ ቢወጣ ይበቃ ነበር። ዶክተር ሐብተ ማርያም ይህን ለማረጋገጥ ረቡዕ ከሰዓት አዘዞ ሄደው ከተቀበረው እግርዎ ሥጋ ወሰዱ፤ ማምሻውን ተመለሱ፤ ሌሊቱን ሞቱ። አሁን ስሙኝ። ዶክተር አንዱዓለም ሟቹን ከጠዋት ወዲህ አላየሁም፣ በስልክም አላገኘሁም ብሎኛል። እግሩ ከመቃብር መውጣቱን ግን ያውቃል። አለበል እስር ቤት ነው፤ ቄሱ አልተናገሩም። ታዲያ ማን ነገረው? ሟቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያን ማታ፣ ሻይ እየጠጡ። አለበል ላይ ምክንያት ሲፈልግ የራሱን ጉድ አወጣ። አለበልማ አብሮ ቆፋሪ ነበር!»

አለበል ካቴናውን እያንቃጨለ በጉልበቱ ወደቀ። «አባየ፣ ይቅር በለኝ። ዋሽቼሃለሁ።»

ሽማግሌው በክራንቻቸው ወደ እሱ ቀረቡ። «ከአጸድ ነው ያለው?»

«ከአጸድ ነው።»

«አንተ የማትረባ! እሳት በላው ስትለኝ፣ በትንሣኤ ቀን አንካሳ ሆኜ ልነሣ ነው እያልሁ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ! አፈር ለብሶ ከሆነማ እሰየው፤ ቀድሞኝ አረፈ እንጂ ምን ሆነ?» አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ተነሥ። ደግሞ ዶክተሩ ስለኔ ብለው ነው የሞቱ? ወዮ፣ ምን ዕዳ ነው!»

«አንድ ቃል ነው የያዝሽብኝ» አለ አንዱዓለም። «በአንድ ቃል ሰው ገዳይ አይባልም።»

«እሱን ዳኛ ይየው። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ቡናማው የአያ ክንዱ ካልሆነ የሌላኛው ታማሚ ነው። ያን ሰው ምን ብለህ ሸኘኸው?»

አንዱዓለም ወደ መስኮቱ ዞረ።

«የጭልጋዋ እማማ ይርገዱ ናቸው» አለች ሸጋዬ። «አይዛመትም፣ ደህና ነዎት ተብለው ነው የሄዱት።»

የትነበርሽ የአንዱዓለምን ስልክ አስከፍታ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም አሰማች።

«ዶክተር አንዱዓለም!» አለ የአሮጊት ድምፅ፣ በደስታ። «እንደምን ውለሃል የኔ ጌታ? ያን የምሥራች ከነገርኸኝ ወዲህ በየቅዳሴው ስምህን ሳላነሣ ውዬ አላውቅም። እኔ ሸጋ ነኝ። ጥቁሩ ትንሽ ሰፋ፤ ንፍፊትም ጣለብኝ፤ ይህ የእርጅና ነው። አንተን የወለደች ማሕፀን ትባረክ!»

ሸጋዬ ፊቷን ሸፈነች። አንዱዓለም ከመስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ ነገ ለሁለቱም ታማሚዎች እንነግራቸዋለን አሉኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለመንኳቸው። ስሜ ይጠፋል አልኳቸው። እምቢ አሉ። እኔ ነኝ፤ በእጄ ቀድቼ ሰጠኋቸው።»

«ሃሎ? አትሰማኝም እንዴ ልጄ?»

የትነበርሽ ስልኩን አፉ ጋ ያዘችለት።

«እማማ» አለ፣ «ተሳስቼ ነበር። ያ የምሥራች የሌላ ሰው ነው። በሽታዎ የሚዛመት ነው፤ ንፍፊቱም ከሱ ነው። ዛሬውኑ ወደ ጎንደር ይምጡ፤ ሰው ይመጣልዎታል።»

ከስልኩ ውስጥ «በስመ አብ» ሲባል ተሰማ።

«የእግዜር ፈቃድ ይሁን» አሉ ይርገዱ ቀስ ብለው። «ድምፅህ ግን ምነው? አሞሃል እንዴ የኔ ልጅ?»

አንዱዓለም ስልኩን ከየትነበርሽ እጅ ወስዶ ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘው።