ወደ ሞጣ የሄደችው ሐዘንተኛ

ወይንእሸት ከቢቸና በታች ካለው መንደሯ ስትወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጭቃው መኪና ስላቆመ እስከ ሞጣ በእግር ነው። እዚያ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች አገሪቱ የሚለዋወጠውን የአየር ጠባይ ለረጅም ዘመን የምትቋቋምበትን ዕቅድ ሊያወጡ፣ የየቀበሌውን ሰው ይሰማሉ። ለወንዛቸው ግራና ቀኝ መንደሮች የሚቆፈረው የውሃ ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው፤ በየትኛው ዳር እንደሚሆን እዚያ ይወሰናል።

ስብሰባው በሐምሌ ገብርኤል ዋለ። የመንደሯም ታቦት ገብርኤል ነው፤ ከበዓሉ የሚቀር ሰው ጠፋ።

«ሐዘንተኛ ድግስ ላይ አይቀመጥም» አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ። «አንቺ ሂጂ፣ ልጄ።»

ልጇ ጸደንያ የሞተችው በሰኔ ነው። ምንጫቸው ስለደረቀ ከወንዙ ማዶ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ባንዴ ወረደና ወንዙ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ወይንእሸት አላለቀሰችም።

ሜዳው ላይ በረዶ ያዛት። ነጠላዋን አጣጥፋ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ተራመደች። ገደሉ አፋፍ ላይ ጅብ ከቁጥቋጦ ወጥቶ መንገዱን ዘጋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጮህ ነበር። አሁን ዱላዋን ድንጋይ ላይ እያላተመች ቀጥ ብላ ሄደችበት። ጅቡ አያት፣ አመነታ፣ ጥሻ ውስጥ ገባ።

ቁልቁለቱን ሳትጨርስ የማዶው መንደር ተወካይ ፋንታ በበቅሎ ደረሰባት።

«ሰው ቢያጡ አንቺን ላኩ?»

«በዓል ነው።»

«እንግዲያው ገብርኤል ይቆፍርላችኋላ! እኔ ቀድሜ እናገራለሁ።»

ከታች ያለው ወንዝ ሞልቷል። ወንዙ ሌላ ነው፤ ቀለሙ ግን ልጇን የወሰደው ውሃ ቀለም ነው። ፋንታ ሳያመነታ ገባ። መሃል ላይ በቅሎዋ ተደናቀፈች። በቅሎዋ እንደምንም ማዶ ወጣች፤ እሱ ቋጥኝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እታለም! ድረሽልኝ!»

ወይንእሸት ቆመች። የሚያያት የለም። ዝም ብትል ጉድጓዱ የመንደሯ ነው። መቀነቷን ፈታች፣ አንዱን ጫፍ ከዛፍ ሥር አሰረች፣ ሌላውን ወረወረች።

«ወገብህ ላይ ጠምጥመው!»

«እጄ አልታዘዝ አለኝ!»

«በጥርስህም ቢሆን ያዝ!»

ሳበች። ጨርቁ መዳፏን ላጠው፤ አልተሰማትም። ፋንታ እግሯ ሥር ወድቆ ጭቃ ተፋ። ውሃው ሲጎድል መቀነቱን ሁለቱም ወገባቸው ላይ አስረው ተሻገሩ።

ሞጣ አዳራሹ ውስጥ ጭቃ እንደለበሱ ቆሙ።

«ጉድጓዱ በየትኛው ዳር ይሁን?» አለች ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለሙያ።

«እሷ ትናገር» አለ ፋንታ።

ወይንእሸት መንገዱን ሙሉ «በእኛ ዳር» የሚለውን ስታጠና ነበር የመጣችው። የፋንታን ልብስ የሸፈነውን የወንዝ ጭቃ አየች።

«ጉድጓዱን በፈለጋችሁት ዳር አድርጉት። አስቀድማችሁ ድልድይ ጻፉልን። የማንም ልጅ ውሃ ውስጥ አይግባ።»

«ድልድይ በዚህ ዕቅድ ውስጥ ቦታ የለውም፣ እናቴ።»

«ይፈለግለታ!» አለ ፋንታ። «እኛ ወንዝ ውስጥ ሆነን ዕቅዱ ለማን ነው?»

ሴትዮዋ ብዕሯን አንስታ መጻፍ ጀመረች። ወይንእሸት ተቀመጠች። መዳፏ ማቃጠል ጀመረ።

«አመመሽ እንዴ?» አላት ፋንታ።

«አዎ» አለች፣ «አመመኝ።» እና ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።