ስሜን የጠቀሰ የለም

ሕሩይ አሜሪካ፣ ቻምብሊ ባለው አፓርታማው ሶፋ ላይ ሞቶ ተገኘ። የጠጣው ሻይ የእንቅልፍ ክኒን ነበረበት። ከስልኩ ለእህቱ ለሸዋነሽ ቴክስት ተልኳል፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ለዚያ የሒሳብ መጽሔት ጻፍኩ። አንድ ሰው እንኳ ስሜን አልጠቀሰም። በቃኝ።» ፖሊስ ራሱን አጠፋ ብሎ ፋይሉን ክሎዝ ሊያደርግ ነው።

ሸዋነሽ መርማሪ ሶስና እግር ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ ራሱን ካጠፋ እኮ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አታደርግለትም! ወንድሜን እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«ይነሱ እትዬ ሸዋነሽ፣ በማርያም!» አለች ሶስና። ምን ትበላት!

የአፓርታማው ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ናቸው፦ ኤርፖርት ሥራ ላይ የነበረችው ሸዋነሽ፣ ሹፌሩ ባሏ ኃይለመስቀል፣ ከሕሩይ ጋር ሒሳብ የሚያስተምረው ፊሊሞን።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው ሶስና ፊሊሞንን።

«መጽሔቱ ላይ ስህተቱን ጻፍኩበት፣ እሱም መለሰልኝ። ሥራችን ይኼው ነው።»

ኃይለመስቀል ግን ሳይጠየቅ ጀመረ። «ምስኪን! ይሄ ሒሳብ ይገልሃል ብዬው ነበር።»

ሶስና የሟቹን ላፕቶፕ ስታይ ቆይታ ሁሉንም ሎረንስቪል፣ ሸዋነሽ ሐዘን በተቀመጠችበት ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ፊሊሞን፣ ሕሩይን መጽሔቱ ዌብሳይት ላይ ሰርች አድርገው።»

ፊሊሞን የሕሩይን አባት ስም፣ «ገብረእግዚአብሔር» ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ሞላ፤ ከጃፓን የጠቀሰው አለ፣ ከብራዚል የጠቀሰው አለ።

«እንዴ! ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች ሸዋነሽ።

«መጽሔቱ የሚጠቅሰው በአባት ስም ነው» አለች ሶስና። «የራሱ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይቀመጣል። ሕሩይ ይህን እያወቀ አልተጠቀስኩም አይልም። ፊሊሞንም ራሱ ጠቅሶታል። በሞተበት ቀን ግን አንድ ሰው በላፕቶፑ ‹ሕሩይ› ብሎ ፈለገ፣ ምንም አላገኘም፣ ያንኑ አምኖ ቴክስቱን ላከ። አሜሪካ ስንት ዓመት ብንኖር እኛ ሰውን የምንፈልገው በራሱ ስም ነው። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ኃይለመስቀል።»

«ሴትዮ፣ ምን በወጣኝ! ለምን ብዬ?»

«ኮሌጅ ፓርክ የደበቋትን ሴትዎንና ልጅዎን ሕሩይ ስላየብዎት። ‹ለእህቴ ካልነገርክ እኔ እነግራታለሁ› ብሎ የላከልዎት ቮይስ ሜሴጅ ስልኩ ላይ አለ።»

ኃይለመስቀል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እግሩን ስሜ ለመንኩት» አለ። «እምቢ አለኝ።»

ሸዋነሽ ወደ ባሏ አልዞረችም።

«ፍትሐት ይደረግለታል ማለት ነው?»

«ይደረግለታል፣ እትዬ።»

«ወንድሜ፣ ጋሻዬ!» ብላ ደረቷን መታች። ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችለትም ነበር። ትንሽ ቆይታ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ለቄሱ ደውሉልኝ። ይሄንን ሰው ከፊቴ ውሰዱት፤ የሱን ሐዘን ወንድሜን ከቀበርኩ በኋላ እቀመጣለሁ።»