እንጨቷ ለሐሉዋ

ኡማዚ እጇን ከሸሚዟ ስር ሰዳ እንጨቷን ጨበጠቻት። መድረኩ ላይ ሐሉዋ ወረቀቷን ዘርግታ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነበር።

«ዛሬስ አታመልጪኝም» አለች ኡማዚ በሆዷ።

እንጨቷ ክብ ናት፤ የሻይ ሰሃን ታክላለች። አንገት ላይ እንድትንጠለጠል የመረብ ገመድ ገብቶባታል። በዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው፤ በመንደሩ ቋንቋ በጊሪያማ ወይም በስዋሂሊ ሲናገር የተያዘ ተማሪ እንጨቷን ያጠልቃል። የሚገላገላት ሌላ ጥፋተኛ ይዞ ሲያስረክብ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ግቢ ልጅ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይውላል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ! ዓርብ አሥር ሰዓት ደወል ሲደወል እንጨቷ አንገቱ ላይ የተገኘችበት ልጅ ደግሞ ወየውለት፤ የክርክር ክበብ አባል ከሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከክበቡ ይባረራል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው።

እንጨቷ ኡማዚ አንገት ላይ የገባችው ሰኞ ነው፤ አገባቧ ነው ደም የሚያፈላው። ያን ቀን ጠዋት ሐሉዋ ራሷ ተይዛ እንጨቷን አጥልቃ ነበር። በየዕለቱ የመውጫ ደወል እንጨቷን እንዳጠለቀ የተገኘ ተማሪ ለውድድር አይላክም፤ ስለዚህ ደወሉ ሳይደወል ካላራገፈቻት ሞምባሳ ላይ በሚደረገው ክርክር ረዳት ሆና መሄዷ ይቀራል። ዋናዋ ተናጋሪ ኡማዚ ነበረች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የተጋሩ፣ የአንዷን ማስቲካ ሌላዋ የምታኝክ ጓደኛሞች ናቸው። ታዲያ ሐሉዋ ምን አደረገች? እያለከለከች መጥታ በእንግሊዝኛ «ኡማዚ! የአባትሽ ጀልባ ተገለበጠ! ሰዎቹ ባሕር ዳር እየጮኹ ነው!» አለቻት።

አምና የኡማዚን አጎት ያው ባሕር ወስዶታል። ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ሐሉዋ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን አብራት ተኝታለች፤ ሁሉን ታውቃለች። ኡማዚ «አባዬ! ወይኔ አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ በጊሪያማ። ሰው አባቱ ሲሞት በእንግሊዝኛ ይጮሃል እንዴ? ገና እግሯ ሳይንቀሳቀስ ገመዱ አንገቷ ላይ ገባ።

«ይቅርታ በናትሽ፤ ሌላ መንገድ አጣሁ» አለች ሐሉዋ፤ በጥሩ እንግሊዝኛ።

አባቷ ማታ በደህና ገባ፤ ሁለት ትልልቅ ዓሣ ይዞ። ኡማዚ ግን እራቷን አልበላችም። ደወሉ ሲደወል እንጨቷ እሷ ዘንድ ስለነበረች ክበቡን የሚመሩት መምህር ኮምቤ የዋና ተናጋሪነቱን ቦታ ለሐሉዋ ሰጥተዋት ነበር። «ሐሉዋም ከተያዘች ቦታው ይመለስልሻል፤ ሕግ ሕግ ነው» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ብትፈልግ መገላገል ትችል ነበር። ማክሰኞ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አጠገቧ በስዋሂሊ ሲሳደብ ሰማችው፤ እንዳልሰማች አለፈችው። ረቡዕ ሁለት ሴቶች ልጆች በጊሪያማ ሲያሙ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው፤ እነሱንም ተወቻቸው። ሌላ ሰው ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው የሐሉዋን አንገት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። እሷ የያዘችው ቂም ብቻ ነበር፤ ለጸሎት ቦታ አልነበራትም።

አሁን አዳራሹ የሞምባሳውን ንግግር አስቀድመው ሊሰሙ በመጡ ወላጆች ጢም ብሏል። ሐሉዋ ጀመረች።

«አንዳንዶች ‹መጀመሪያ መንደራችሁን በመብራት አዳርሱ፣ ከዚያ ስለ ጠፈር ታወራላችሁ› ይሉናል። ይህን የሚሉን ግን መብራቱም መንኮራኩሩም ያላቸው ናቸው!»

ኡማዚ ጥርሷን ነከሰች። ቃሉ የእሷ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የክፍሉ ግድግዳ ላይ «የኡማዚ አስተያየት» እያለች የለጠፈችው ነው። ስለ ስልክ ጽፋለች፤ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ጽፋለች፤ ስለ ትልልቆቹ አገሮች ጠብ ጽፋለች። የሚያነቡላት አራት ልጆችና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ቢሆኑም ጽፋለች።

«ፀሐይና ነፋስ ፓስፖርት አይጠየቁም» አለች ሐሉዋ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ። «ባሕራችን ላይ የቆሙትን የመንኮራኩር ማስወንጨፊያ መድረኩን የብረት እግሮች ተመልከቱ። የውጭ ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚህ መጥተው መንኮራኩር ያስወነጨፉት ለመልካችን ብለው አይደለም። የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ምድር ራሷ ስትዞር ስለምትገፋላቸው ነው። ቦታው የእኛ ከሆነ፣ ስለ ጠፈር በሚመከርበት ጠረጴዛ ዙሪያ የእኛ ወንበር የታለ?»

መምህር ኮምቤ አጨበጨቡ። እንግሊዝኛ የማይሰሙት ወላጆችም እሳቸውን አይተው አጨበጨቡ።

«ጨረሰችው እኮ!» አለ ከኡማዚ አጠገብ የተቀመጠው ሳፋሪ። ወሬ የማያልፈው፣ ሁሉን የሚተርብ የክፍሏ ልጅ ነው። ከዚያ የኡማዚን ፊት አየና «ማለቴ... አንቺ የጻፍሽው ነው አይደል? አይ፣ በላችሽ በቃ» አለ።

«ቆይ፣ ታያለህ።»

ኡማዚ ወደ ኋላ ዞር አለች። በሦስተኛው ረድፍ ምዜ ንዛይ ተቀምጠዋል፤ መንደሩ ሁሉ «ምዜ» ብሎ የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ የሐሉዋ አያት ታናሽ ወንድም። አዲስ የታጠበ ሽርጥ አገልድመው፣ በላዩ ላይ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የምትወጣዋን ኮታቸውን ደርበዋል። ደልደል ብለው የተቀመጡት እንደ ሙሽራ ነው።

ትናንት ቤታቸው ድረስ ሄዳ የጠራቻቸው ኡማዚ ናት። ወጣት ሳሉ በጀልባ ለብረት መድረኩ ሠራተኞች ውሃ ያመላልሱ እንደነበር ታውቃለች። «ምዜ፣ ነገ ሐሉዋ ስለ መንኮራኩሩ ትናገራለች። ጥያቄ ለእንግዳ ሁሉ ክፍት ነው። ለምን አይጠይቋትም?» አለቻቸው።

«እኔ? በኛ ቋንቋ ይሆናል?»

«እንዴታ!»

ወጥመዱ ይኸው ነው። በጊሪያማ ሰዎች ዘንድ ሽማግሌ በአገሩ ቋንቋ ሲያናግርህ በባዕድ ቋንቋ መመለስ ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ነው። ሐሉዋ ለአያቷ ወንድም በጊሪያማ ከመለሰች፣ ተማሪ ናትና እንጨቷ አንገቷ ላይ ትገባለች፤ ሞምባሳም ቀረ። በእንግሊዝኛ ከመለሰች ደግሞ በመንደሩ ፊት ትዋረዳለች። በየትም በኩል ብትሄድ ኡማዚ ረክታ ታድራለች።

«ከእንግዶች ጥያቄ ያለው?» አሉ መምህር ኮምቤ።

ምዜ ንዛይ አግዳሚውን ተደግፈው ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። ከዚያ በጊሪያማ፣ ቀስ ብለው፣ ጀመሩ።

«ልጄ፣ እደጊ። እኔ ያን ቀን ነበርኩ። የነጻነት በዓል ቀን ነው። ጀልባ ስር ተኙ ብለውን ተኛን፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ እኔ ግን አንገቴን ብቅ አድርጌ አየሁት። እሳቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ጠፋ። ‹ሰማይ ላይ አንድ ነገር ሊፈልግ ነው የሄደ› አሉን። ምን እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ሃምሳ ዓመት አለፈኝ፤ ሌሊት ቀና ባልኩ ቁጥር አስበዋለሁ። ምን ነበር የሚፈልገው? አገኘውስ?»

ሐሉዋ የመምህር ኮምቤን ፊት አየች። ከዚያ ኡማዚን አየች፤ እጇ ሸሚዟ ውስጥ እንደሆነም አየች። ገባት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ክቡር ሆይ፣ ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «የጠፈር ምርምር ለሰው ልጅ ሁሉ ከፍተኛ ጥቅም አስገኝቷል።»

ምዜ ንዛይ ፈገግ ብለው ጠበቁ። የቀረውን በጊሪያማ የምትነግራቸው መስሏቸዋል። ዝም ስትል ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ምን አለች?» አሉ። ከኋላ ልጆች ሳቁ።

«ልጄ፣ አላወቅሽኝም መሰለኝ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እኔ ነኝ እኮ፤ ንዛይ። የአያትሽ ወንድም።»

«ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ» አለች ሐሉዋ እንደገና። ዓይኗ ወረቀቷ ላይ ነው።

ሳቁ ባሰ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አዳራሹን ዞር ብለው አዩ። «ይቅርታ ልጆች፣ ጊዜያችሁን ወሰድኩ» ብለው ተቀመጡ። ኮታቸውን መልሰው ፈቱት።

ኡማዚ ይህችን ቀን አራት ሌሊት ሙሉ ስታልማት ነበር። ሐሉዋ ስትንቀጠቀጥ፣ ሰው ሲያማት፣ በሐሳቧ ስንቴ አይታዋለች። ይኸው ሐሉዋ ተንቀጠቀጠች፤ መንደሩም ከዛሬ ጀምሮ ያማታል። ደስታው ግን የት ገባ? አዳራሹ የሳቀው በሐሉዋ አልነበረም። ሐሉዋ ወረቀቷን ይዛ እንደቆመች ናት። አንገታቸውን የደፉት ምንም ያላጠፉት፣ በሰው እጅ ተጎትተው የመጡት ሽማግሌ ናቸው።

«ኧረ ይቺ ልጅ ጨካኝ ናት! የራሷን ዘመድ እኮ ነው!» አለ ሳፋሪ። ተናዶ በጊሪያማ ነበር የተናገረው። ወዲያው አፉን በእጁ ከደነ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። «ኡማዚ፣ በናትሽ... አልሰማሽኝም፣ እሺ?»

ሰምታዋለች። ደወሉ ሊደወል አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ገመዱን ከአንገቷ አውጥታ ሳፋሪ አንገት ላይ ብታስገባው ሁሉም ያልቃል፤ ከክበቡ አትባረርም፤ የሚቀጥለው ዓመት ሞምባሳ ሩቅ አይደለም። ሳፋሪ የክርክር ክበብ አባል እንኳ አይደለም፤ ቢበዛ ግቢ ጠርጎ ይቀጣል።

«አልሰማሁህም» አለችው። ተነሣችና «ምዜ፣ ይፍቀዱልኝ፣ እኔ ልመልስልዎት» አለች።

በጊሪያማ ነው ያለችው።

«ኡማዚ!» አሉ መምህር ኮምቤ። «እንጨቷ አንቺ ዘንድ እንዳለች አውቃለሁ። ከክበቡ መውጣት ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ወላጅሽን አስጠራለሁ። ተቀመጪ!»

«ይጥሩት፣ ቲቸር። አባቴ በሕይወት አለ፤ ይመጣል» አለች፤ ይህንንም በጊሪያማ። ሐሉዋ መድረኩ ላይ ፊቷን አዞረች።

ኡማዚ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ምዜ ንዛይ አጠገብ ደረሰች።

«ምዜ፣ የሚፈልገው ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ነበር። ከዋክብት እንደዚያ ዓይነት ብርሃን ይወረውራሉ፤ አየሩ ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ ከአየር በላይ ወጥቶ የሚያይ ነገር መላክ ነበረበት። እርስዎ ያዩት እሳት ያንን ነው ተሸክሞ የሄደው። ስሙንም በበዓሉ ‹ነጻነት› ብለው ሰየሙት፤ በእኛው አገር ስዋሂሊ።»

«ታዲያ አገኘ?»

«አገኘ! ያ ብርሃን የሚወጣበትን ከሦስት መቶ በላይ ቦታ ቆጠረ። እንዲያውም አንዱ ዘንድ፣ እጅግ ከመክበዱ የተነሣ ብርሃን እንኳ ከውስጡ መውጣት የማይችል ነገር እንዳለ ምልክቱን ያሳየ እሱ ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ አድርገው ሳቁ። ከኋላቸው የነበሩ እናቶችም ወደፊት ተጠጉ፤ የትምህርት ቤቱ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ደወሉ ተደወለ። መምህር ኮምቤ መዝገባቸውን ከፍተው አንድ መስመር ጻፉ፤ ተማሪዎቹም ወንበር እያንኳኩ ወጡ።

ሐሉዋ ከመድረኩ ወርዳ አጠገባቸው ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «ኡማዚ...» አለች።

«ሂጂ» አለቻት ኡማዚ። «ሞምባሳም ሄደሽ ተናገሪ። የሰኞውን ግን አልረሳሁልሽም።»

እውነቷን ነበር፤ ይቅር አላለቻትም። የአባቷን ሞት በሐሰት የነገረች አፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ አትረሳም። ሐሉዋ ምዜ ንዛይን ሰላም ልትል እጇን ዘረጋች፤ መለስ አደረገችው፤ ወጣች።

«ተያት፤ ልጅ ናት» አሉ ምዜ ንዛይ። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ለኡማዚ ቦታ ለቀቁላት። «አሁን ቁጭ በይና ንገሪኝ። ብርሃን የማያወጣውን ነገር በምን አዩት? እንዲያው አንቺ ባትኖሪ ይህን ሳልሰማ ልሞት ነበር እኮ! ቤቴ ድረስ መጥተሽ፣ ሽማግሌ አስታውሰሽ... ብሩክ ነሽ።»

ኡማዚ ተቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ምርቃቷን ይዛ ትገባለች። አንገቷ ላይ ያለው ገመድ ከረከራት፤ አላወለቀችውም።

«ምዜ፣ እሱን ከመንገሬ በፊት» አለች፣ «ትናንት ቤትዎ የመጣሁት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም።»