የምሰሶው መንታ

ፌስታሉ ይከብዳል።

«ስንጥር» ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ከሚጠብቁት በሽተኞች መሃል ተቀምጧል። ፌስታሉ ጭኑ ላይ ነው። ከላይ ዳቦ ይታያል። ከዳቦው ስር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ እንደ ወተት ጣሳ ድብልብል ያለ ኮንክሪት አለ። ከአዲሱ የከተማ ባቡር ምሰሶ ላይ ተሰርስሮ የወጣ ነው።

መስመሩ በሰፈሮች አናት ላይ ያልፋል። ተቋራጩ ሲሚንቶ እየቀነሰ አሸዋ ይሞላበታል የሚል ጭምጭምታ ለሚሠራበት የምስጢር ምርመራ መስሪያ ቤት ስለደረሰ፣ ስንጥር የቀን ሰራተኛ መስሎ ገባ። አካፋ ያዘ። እጁ ቆሰለ፣ ከዚያ ደረቀ፣ በመጨረሻም የእውነት የቀን ሰራተኛ እጅ ሆነ። አሁን ማስረጃውን ይዞ ወጥቷል። አሸዋ የተጫነበት የሙከራ ባቡር በምሰሶዎቹ ላይ ሊያልፍ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይጫንበታል።

ግራጫ ኮት የለበሰ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ገብቷል?»

«ገብቷል። ጉንፋን ግን አላክምም ይላል አሉ።»

«እንግዲያ በቤት መድኃኒት መቻል ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። የሽማግሌው የምስጢር ስም «አጎቴ» ነው። ስንጥርን ወላጅ አልባ ጎረምሳ ሳለ አንስቶ፣ አብልቶና አስተምሮ ለዚህ ሥራ ያበቃው እሱ ነው። ፌስታሉ ከጭን ወደ ጭን ተሻገረ።

በሩ ተከፈተ።

የተቋራጩ የጥበቃ ኃላፊ ገባ።

ስንጥር አንገቱን ደፍቶ እንደ በሽተኛ እስኪያልበው ድረስ ሳል ሳለ። ኃላፊው ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑን ሽማግሌው ላይ ትንሽ አሳረፈና ምንም ሳይጠይቅ ወጣ። ስንጥር በልቡ ተመስገን አለ። ቂል ነበር፤ ቂልነቱን ያወቀው ግን በኋላ ነው።

በሙከራው ቀን ጠዋት አጎቴ መኪናው ውስጥ አስገባው። ፊቱ ፈክቷል።

«ተመርምሯል። ምሰሶው አለት ነው፤ ወሬው ሁሉ አሉባልታ ነበር» ብሎ የተሰባበረውን ኮንክሪት በካርቶን አቀበለው። «የትም ጣለው። ሳይመሽ ከከተማ ትወጣለህ።»

ስንጥር ትልቁን ስባሪ አገላበጠ። ግንባታው ሳይት ላይ የኮንክሪት ጥንካሬ የሚፈትሸው መጭመቂያ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቷል። ማሽኑ ከላይና ከታች ጨብጦ ነው የሚያደቅቀው፤ ጎኑ ይፈነዳል። ይሄኛው ጎኑ ላይ የተጎደጎደ ነጭ ምት አለው።

«በመዶሻ ነው የተሰበረው፣ አጎቴ። መጭመቂያ ውስጥ አልገባም። እርስዎ ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው አልካደም። መስኮቱን ዘጋና ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ አስረዳው። ተቋራጩ ከላይ ሰው አለው። ከላይ ያሉትም ተስማምተዋል። የጥበቃ ኃላፊው ክሊኒኩ ውስጥ ሽማግሌውን አይቶ ሳይጠይቅ የወጣው ለዚህ ነበር። እሱ ራሱ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ደክሞታል፤ ባረጀበት ሰዓት ከማን ጋር ይጣላ? ተቋራጩ ግን ከምሰሶው ናሙና መውጣቱን ደርሶበታል። ያወጣውን ሰው ስም ፈልጓል።

«ሰጠሃቸው?»

ስንጥር አጎቴን «አንተ» ብሎ አያውቅም ነበር።

«ያንተን አልሰጠሁም። አሳድጌህ የለ እንዴ? የሴትዮዋን ነው የሰጠሁት።»

ሴትዮዋ እትዬ ናት፤ የኮንክሪት መፈተሻው ክፍል ኃላፊ። ሳይቱ በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። ስንጥር ሥራ በጀመረ ሰሞን እጁ ቆስሎ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው ምሳዋን ያካፈለችው፣ ወንድም ስለሌላት «አንተ ትሆነኛለህ» ብላ በገዛ ሥልጣኗ የሾመችው እሷ ናት። አሮጊት እናቷ የሚኖሩት እዚያው ምሰሶ ስር ነው። ስንጥር የተቋራጩ መሐንዲስ አዞኛል ብሎ ሲዋሻት መሰርሰሪያውን ያዋሰችው ስላመነችው ነው።

አንድ ነገር ግን አጎቴ አያውቅም። በእትዬ ክፍል ከምሰሶ የወጣ ሁሉ ለሁለት ይቆረጣል። አንዱ ይፈተሻል፤ ሌላው፣ መንታው፣ ሥራው ርክክብ እስኪደረግበት ድረስ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። የክፍሉ ወግ ነው፤ ማንም አያዝዘውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ስንጥር ያወጣውም እዚያው ተቆርጧል፤ አጎቴ የሰበረው ግማሹን ብቻ ነው።

ስንጥር ካርቶኑን ወንበሩ ላይ ትቶ ከመኪናው ወረደ።

ሳይቱ የድግስ ቤት መስሏል። ለእንግዶች ድንኳን ተተክሏል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። የሰፈሩ ሰው ወንበር እያወጣ የባቡሩ ድልድይ ስር ተደርድሮ ባቡሩን ይጠብቃል። የእትዬ እናት ከፊት ናቸው። እንዲነሱ ለመናቸው፤ እኛ ቦታችንን በጠዋት ነው የያዝነው ብለው ሳቁበት።

መፈተሻው ክፍል ገብቶ ለእትዬ ሁሉንም ነገራት። የቀን ሰራተኛ አለመሆኑን። የመሐንዲሱ ትእዛዝ ውሸት እንደነበር። ስሟ እንደተሸጠ፣ ሊይዟት እንደሚመጡ። እትዬ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አልሰደበችውም።

«እኔ ደግሞ ወንድም አገኘሁ ብዬ» አለች።

ከዚያ የራሷን ነገረችው። መሐንዲሱ ሌላ ቦታ ያሠራቸውን ጠንካራ ናሙናዎች ሲያመጣ፣ እሷ ከምሰሶው የተወሰዱ ናቸው ብላ ማህተሟን ታሳርፍ ነበር። እንቢ ብትል ከሥራ ያባርራታል። መንታው ቢፈተሽ መጀመሪያ ወህኒ የሚያወርዳት የገዛ ማህተሟ ነው። ስንጥር ይቅርብሽ ሊላት ፈለገ፤ አላላትም። ልቡ ግን አፈረ።

ከሩቅ የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ።

እትዬ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። «እናቴ ከስር ናት» አለች።

የዕለቱ ባንዲራ ያዥ ሆኖ የተመደበው ስንጥር ነው። አረንጓዴ ካውለበለበ ባቡሩ ያልፋል፣ ቀይ ካነሳ ይቆማል። መወጣጫውን በሩጫ ወጣ። ባቡሩ ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

አረንጓዴውን ጣለው።

ቀዩን አነሳ።

ፍሬኑ ጆሮ በጠሰ። ባቡሩ ከምሰሶው በፊት ቆመ።

ሙዚቃው ተቋረጠ። የጥበቃ ኃላፊው ኮሌታውን አንቆ አወረደው። የከተማው ተቆጣጣሪ ከድንኳኑ በቁጣ እየተራመደ መጣና ማን ፈቀደልህ አለው። ስንጥር ባቡሩ ከማለፉ በፊት አንድ ነገር በዓይንዎ ይዩ ብሎ ለመነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ ተቆጣጣሪው እንቢ ማለት አልሆነለትም፤ ተከትሎት መፈተሻው ክፍል ገባ።

እትዬ መንታውን መጭመቂያው ውስጥ አስገባች። የመለኪያው መርፌ ትንሽ ከፍ አለ።

ኮንክሪቱ ረገፈ።

ከሚፈለገው ግማሹን እንኳ አልቻለም። ተቆጣጣሪው ፍርፋሪውን አንስቶ በጣቶቹ አሸው፤ አሸዋ ሆኖ ወረደ። ባቡሩ ወደ ኋላ እንዲመለስ፣ ሕዝቡ ከድልድዩ ስር እንዲነሳ አዘዘ። ፖሊስ መጣ። መሐንዲሱን ያዙ። ከዚያ በጠንካራዎቹ ናሙናዎች ላይ ያለው ማህተም የማን እንደሆነ ተጠየቀ።

«የኔ ነው» አለች እትዬ። «ማን እንዳስገደደኝ ግን ይሄ ወንድሜ ያውቃል። እሱ ይናገርልኝ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ስንጥር ዞረ።

ከፖሊሶቹ ጀርባ ግራጫው ኮት ቆሟል። አጎቴ ጭንቅላቱን በቀስታ ነቀነቀ። አንተዋወቅም ማለት ነበር፤ ተናግረህ ታያለህ ማለትም ነበር። ምስጢር ያወጣ ሰው ምን እንደሚደረግ ስንጥርን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ያም ሆኖ መናገር ይችል ነበር። አፉ አለ፣ ምላሱ አለ።

ፈራ።

«አላውቃትም» አለ። «እኔ የቀን ሰራተኛ ነኝ። ባንዲራ ያዝ ተባልኩ፣ ያዝኩ።»

እትዬ አየችው። ከዚያ የፖሊሱ መኪና ውስጥ ገባች።

ስንጥርን ማንም አላስቆመውም፤ የራስ ቁሩንና አንጸባራቂ ሰደርያውን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወንበር ወንበሩን ተሸክሞ ከሚበተነው ሰው ጋር ተቀላቀለ። የእትዬ እናት ወንበራቸውን ማንሳት አቅቷቸው የሚያልፈውን ሁሉ ይለምኑ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስንጥርንም አልለዩትም። ወንበሩን አነሳላቸው።

«ባቡሩ ምን ነካው?»

«ለዛሬ ቀርቷል፣ እማማ።»

«ልጄስ?»

«ሥራ ላይ ናት።»

በራቸው ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ሊያስገባላቸው ሲል ክንዱን ያዙት።

«እዚሁ ደጅ ላይ አድርገው፣ ልጄ። ወደ መንገዱ አዙረህ። ስትመጣ ልያት።»

አዙሮ አስቀመጠላቸው። እየደጋገሙ መረቁት። አሜን ሳይል መንገዱን ተሻገረና መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ።